አራት «እኛ» ያለው ቋንቋ፤ የሆ ሥነ ቃልና የዶክተር ጃኑም ሲንግ ሶይ ሥራ

አንድ ሰው በአማርኛ «ነገ እንሄዳለን» ቢለን፣ እኛም ተቆጥረን እንደሆነ ወይም እሱና ቤተሰቡ ብቻ እንደሚሄዱ ከቃሉ አናውቅም። ይሉኝታ የያዘው ዝም ይላል፣ ደፈር ያለው «እኔም አለሁበት?» ብሎ ይጠይቃል። በሆ ቋንቋ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አይፈጠርም። ተናጋሪው «አቡ» ካለ አድማጩም አለበት። «አሌ» ካለ አድማጩ የለበትም። ሁለት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ ደግሞ ሌላ ጥንድ ቃል አለ፤ «አላንግ» እኔና አንተ ማለት ነው፣ «አሊንግ» እኔና እሱ፣ አንተን ሳይጨምር። አማርኛ በአንድ «እኛ» የሚሸፍነውን ሆ በአራት ይለየዋል።

ሂንዲም እንደ አማርኛ ለዚህ ሁሉ ያለው አንድ «ሀም» ነው። በሂንዲ ብቻ ተምሮ ያደገ የሆ ልጅ እነዚህን አራት ቃላት ሲረሳ፣ ሰውን ማቀፊያና ሰውን በትሕትና ከጉዳዩ ውጭ ማድረጊያ መንገዶቹን አብሮ ያጣል። ስለዚህ ቋንቋ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ከአእምሮዬ ያልወጣው ይህ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው የጉዳይ ጥናት አንድ ሰው፣ የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ መምህርና የሆ ገጣሚ የሆኑት ዶክተር ጃኑም ሲንግ ሶይ፣ ከአርባ ዓመት በላይ ስለሠሩት ሥራ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰዎቹና አገሩ

በአማርኛ «ሆ» ብዙ ሰው በአንድ ድምፅ ሲነሳ የሚወጣ ጩኸት ነው። በዚያ አገር ደግሞ «ሆ» ማለት ሰው ማለት ነው። ሌሎች ለዘመናት «ኮል» ሲሏቸው ኖረዋል፣ አገራቸውም «ኮልሃን» የተባለው ከዚህ ነው። እነሱ ግን ራሳቸውን የሚጠሩት ሰው ብለው ነው።

አብዛኞቹ የሚኖሩት በምሥራቅ ሕንድ፣ በጃርካንድ ግዛት ምዕራብ ሲንግቡም በሚባለው አውራጃ ነው። ዋና ከተማው ቻይባሳ ይባላል። ከድንበሩ ማዶ በኦዲሻ፣ በተለይ በማዩርባንጅና በኬዎንጃር፣ ብዙዎች አሉ። በ2011 የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ ሆን አፍ መፍቻዬ ነው ያለው ሰው 1,421,418 ነበር። ቋንቋው ከሙንዳሪና ከሳንታሊ ጋር የሙንዳ ቤተሰብ አባል ነው፤ የሩቅ ዘመዶቹ ደግሞ የካምቦዲያው ክመርና ቬትናምኛ ናቸው። የሆ ሰው «ባር፣ አፒ፣ ኡፑን» ብሎ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ይቆጥራል፤ ክመሩ «ፒ፣ ቤይ፣ ቡዎን» ይላል። በመካከላቸው የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ አለ፣ የቁጥሮቹ መመሳሰል ግን አሁንም ለጆሮ ይሰማል።

ሆዎች በቀላሉ የተገዙ ሕዝብ አይደሉም። ከእንግሊዞች ጋር ደጋግመው ተዋግተዋል፤ በ1837 በፖቶ ሆ መሪነት የተነሳው ዐመፅ የሚታወስ ነው። በዚያው ዓመት እንግሊዞች ኮልሃንን ለብቻው በሚተዳደር ክልልነት ለዩት። «ሙንዳ» የሚባለው የመንደር አለቃና ብዙ መንደሮችን የሚመራው «ማንኪ» እንደ ጥንቱ እንዲዳኙ መተው ግድ ሆነባቸው። ያ የመንደር አስተዳደር እስከ ዛሬ አለ። በየመንደሩ ሙግትና ስብሰባ በሆ ስለሚካሄድ ቋንቋውን ካቆዩት ነገሮች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

ታዲያ አንድ ሚሊዮን አራት መቶ ሺህ ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ለምን ያሰጋል? ዩኔስኮ ሆን ለአደጋ ከተጋለጡት መዝገብ ውስጥ ያስገባው ተናጋሪ አንሶት አይደለም። የሆ አገር ከሥሩ ብረት ነው። ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የኖዋሙንዲና የጉዋ ማዕድን፣ የጃምሼድፑር የብረት ፋብሪካ፣ የባቡር ሐዲዱ፣ ሁሉም ሠራተኛ ከየአቅጣጫው አመጡ። የገበያው፣ የፎርማኑና የክፍል ውስጥ ቋንቋ ሂንዲ ሆነ። ሆ ወደ ጓዳና ወደ ጭፈራ ሜዳ ገባ። እዚያ ቋንቋ ብዙ ዘመን ሊኖር ይችላል። ልጅ ግን ትምህርት ቤት ሲሄድ በር ላይ አውልቆት የሚገባው ጫማ ይሆናል።

መናገር ራሱ ዘፈን

የሙንዳ ሕዝቦች የታወቀ አባባል አላቸው፤ «ሴን ጊ ሱሱን፣ ካጂ ጊ ዱራንግ»። መራመድ ራሱ ጭፈራ፣ መናገር ራሱ ዘፈን እንደ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ለማሳመር የተባለ ሊመስለው ይችላል፤ ነገሩ ግን የሥነ ጽሑፋቸውን አደረጃጀት በትክክል ይናገራል። የሆ ሥነ ጽሑፍ ለዘመናት የኖረው «አክራ» በሚባለው የመንደር ጭፈራ ሜዳ ነው። ዘፈኑ ወቅት አለው። በጥርና በየካቲት አካባቢ የማጌ በዓል ዘፈን ይዘፈናል። ጸደይ ገብቶ ሳል የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የባ በዓል ዘፈን ይተካል፤ ካህኑ «ዲዩሪ» አበባውን ያቀርባል፣ ሴቶች በፀጉራቸው ይሰኩታል። የዘር ወቅት ሲደርስ የሄሮ ዘፈን አለ። የማጌን ዘፈን ከወቅቱ ውጭ መዝፈን ፋሲካን በመስከረም እንደ ማክበር ነው።

አሰነኛኘቱ ከእኛ ይለያል። የአማርኛ ግጥም በስንኙ መጨረሻ ቤት ይመታል። የሆ ዘፈን ግን ሐሳቡን ያጣምራል። የመጀመሪያው ስንኝ ያለውን ሁለተኛው በአንድ ወይም በሁለት ቃል ለውጥ ይደግመዋል፤ ተራራ ብሎ የጀመረ ጫካ ብሎ ይመልሳል፣ ወንዝ ያለው ምንጭ ይላል። ወንዶቹ ጠይቀው ሴቶቹ የሚመልሱበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥንዶቹን ቃላት የማያውቅ ሰው ዜማውን ተከትሎ ሊያጉረመርም ይችላል እንጂ አዲስ ስንኝ መፍጠር አይችልም። ቋንቋው ሲደክም በመጀመሪያ የሚጠፋው ይህ የጥንድ ቃል ሀብት ነው። ለዕለት ንግግር «ተራራ» ብቻውን ይበቃልና።

ዶክተር ሶይ ሥራቸውን የጀመሩት ከዚህ ነው። የዶክትሬት ጥናታቸው ስለ ሆ የሕዝብ ዘፈኖች ነበር። ሰውዬው በሙያቸው የሂንዲ ሥነ ጽሑፍ መምህር ናቸው፤ በጋትሺላ ኮሌጅ አስተምረዋል። ጋትሺላ በሱባርናሬካ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከሆ አገር መሐል ወጣ ያለች ከተማ ናት። ቤንጋሊና ሳንታሊ ከሂንዲ ጋር ይሰሙባታል። እንግዲህ እንጀራቸው ሂንዲ፣ ጎረቤታቸው ቤንጋሊ፣ ግጥማቸው ሆ ነበር ማለት ነው። በአንድ ቋንቋ እየሠሩ በሌላው መናፈቅ አገራችን ውስጥም ብዙ ሰው የሚያውቀው ኑሮ ነው።

ይህን አቋማቸውን እንደ ቅራኔ የሚያዩ ሰዎች ይኖራሉ። እኔ እንደ ዕድል ነው የማየው። ሂንዲ ሆን ከክፍል ያስወጣ ቋንቋ መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ሥነ ግጥም እንዴት እንደሚተነተን፣ ሥነ ቃል እንዴት ተሰብስቦ እንደሚመደብ፣ አንድ የጥናት ወረቀት ዩኒቨርሲቲ ፊት ምን ይዞ መቅረብ እንዳለበት ያስተማራቸውም የሂንዲ ትምህርት ክፍል ነው። የባልንጀራን ሞፈር ተውሶ የራስን ማሳ ማረስ አያሳፍርም። በዚያ ሞፈር ስለ ሆ ሕዝብ ባህልና አኗኗር 6 መጻሕፍት ወጥተዋል፣ የራሳቸው ግጥሞችም ተጽፈዋል።

ዘፈን ወደ ወረቀት ሲወርድ ግን የሚቀር ነገር አለ። ከበሮው ይቀራል፣ ክንድ ለክንድ ተያይዞ የሚረገጠው እርምጃ ይቀራል፣ ሴቶቹ መልሱን ከመስጠታቸው በፊት የሚያሳልፉት ዝምታም ይቀራል። ገጣሚ የሆነ ምሁር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። መዝጋቢ ብቻ የሆነ ሰው ቃሉን ይጽፋል፤ ገጣሚው ቃሉ ለምን እዚያ ቦታ እንደተቀመጠ ያውቃል፣ ያንኑ ጥበብ ይዞም በዛሬ ጉዳይ ላይ አዲስ ይጽፋል። አዲስ የማይጻፍበት ሥነ ቃል እንደ ሙዚየም ዕቃ ይሆናል። ዶክተር ሶይ ሁለቱን አንድ ላይ መያዛቸው ከመጻሕፍቱ ቁጥር በላይ ይደንቀኛል።

የሥርዓተ ትምህርት ሥራ

ሽልማት ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ መጻሕፍት ነው። የእኔ ፍርድ ሌላ ነው፤ ትልቁ ሥራቸው ሆን በኮልሃን ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ማስገባታቸው ነው።

ቀደምት መንገድ ነበረ። በ1980 ራንቺ ዩኒቨርሲቲ የነገድና የአካባቢ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ከፈተ፤ በቺካጎ የተማሩትና በአሜሪካ ያስተማሩት የሙንዳሪ ምሁር ራም ዳያል ሙንዳ ከውጭ ተመልሰው መሩት። ሳንታሊ፣ ሙንዳሪ፣ ሆ፣ ካሪያና ኩሩክ፣ ከነሱም ጋር አራት የአካባቢ ቋንቋዎች በአንድ ጣራ ሥር ተሰባሰቡ። ራንቺ ግን ከቻይባሳ ወደ 140 ኪሎ ሜትር ይርቃል። በ2009 ኮልሃን ዩኒቨርሲቲ ከራንቺ ተለይቶ ቻይባሳ ላይ ሲቋቋም፣ በሆ አገር እምብርት ላይ የከፍተኛ ትምህርት ማዕከል ተተከለ። በዚያ ሆ ትምህርት ካልሆነ የት ይሆናል?

ሥርዓተ ትምህርት ሲባል ደረቅ ወረቀት ይመስላል። አንድ የቃል ቋንቋ የማስተርስ ትምህርት እንዲሆን ምን እንደሚጠይቅ ግን እናስብ። ተማሪው የሚያነበው መጽሐፍ መኖር አለበት፤ ስለዚህ ዘፈኑ፣ ተረቱ፣ እንቆቅልሹ ተሰብስቦ፣ ተመርጦ፣ ማብራሪያ ተጽፎለት መታተም ይኖርበታል። ቃሉ አንድ ወጥ አጻጻፍ ያስፈልገዋል፣ አለበለዚያ ተማሪው በፈተና ላይ ምን ጽፎ እንደተሳሳተ መናገር አይቻልም። ሰዋስው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቻይባሳ የኖሩት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ጆን ዲኒ በ1975 ያሳተሙት ሰዋስውና በ1978 ያወጡት መዝገበ ቃላት ባለውለታ ናቸው። ከዚያ ፈተና የሚያወጣ፣ የሚያርም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያማክር ሰው ይፈለጋል። ያ ሰው ደግሞ ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ዲግሪውን የሚሰጥ ትምህርት ግን ገና እየተከፈተ ነው። ይህን እንቁላልና ዶሮ የሆነ ክብ የሚሰብሩት በሌላ ትምህርት ዲግሪና ማዕረግ ያገኙ፣ በራሳቸው ቋንቋም የበሰሉ ጥቂት ሰዎች ናቸው። የሂንዲ ፕሮፌሰር መሆናቸው እዚህ ላይ ነው የጠቀመው።

የአንዲት ቃል ጉዳይ ቀረብ ብለን እንመልከት። በሆ አበባ «ባ» ነው፤ ግን ተራ «ባ» አይደለም፣ መጨረሻው ላይ ጉሮሮ ድምፁን ቁርጥ ያደርገዋል። ያ ቁርጥ ማለት የቃሉ አካል ነው። በላቲን የጻፉት ሁለት ነጥብ ወይም «ኤች» ጨመሩበት። ሂንዲ በሚጻፍበት ፊደል በዴቫናጋሪ የሚጽፉት ከሳንስክሪት የመጣውን ባለ ሁለት ነጥብ ምልክት ወሰዱ፤ ያ ምልክት ለዚህ ድምፅ የተሠራ አልነበረም። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ በእያንዳንዱ ገጽ ይህን መወሰን አለበት። አንዱ መጽሐፍ በነጥብ፣ ሌላው ያለ ነጥብ ከጻፈ ተማሪው አበባን በሁለት መልክ ይማራል። እኛ ፀሐይንና ጸሐይን እያቀያየርን የምንጽፍ ሰዎች ብዙ ላንደነግጥ እንችላለን። የእኛ ልማድ ግን ከብዙ መቶ ዓመታት ጽሕፈት በኋላ የመጣ ነው፤ ሆ ገና መሠረቱን እየጣለ ነው።

ዲግሪው ምን ያበላል የሚለው ጥያቄ የወላጅ ጥያቄ ነው፣ ንቀትም የለበትም። ለዚህ መልስ አለ። በጃርካንድ የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን ዋና ፈተና ውስጥ ተወዳዳሪው ከሚመርጣቸው የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ወረቀቶች አንዱ ሆ ነው። ለዩኒቨርሲቲ መምህርነት በሚሰጠው አገር አቀፍ ፈተናም የነገድና የአካባቢ ቋንቋዎች ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ነው። በ2011 ጃርካንድ ሆን ከሁለተኛ ደረጃ የሥራ ቋንቋዎቹ መካከል አድርጎ ዐውጇል። እንግዲህ በአያቱ ቤት የሰማውን ዘፈን ማወቅ ለአንድ ወጣት የመንግሥት ሥራ በር የሚከፍት ዕውቀት ሆነ። ዐዋጅ ብቻውን ይህን አያደርግም፤ ዐዋጁ የሚደገፍበት ትምህርት፣ መጽሐፍና መምህር መኖር ነበረበት።

የፊደሉ ነገር

ስለ ሆ ሲነሳ ላኮ ቦድራን ማለፍ አይቻልም። በ1919 ተወልደው በ1986 ያረፉት ቦድራ «ዋራንግ ቺቲ» የሚባለውን ፊደል ለሕዝባቸው ሰጡ። በጂንክፓኒ ባቋቋሙት የባህልና የሳይንስ ተቋም መጻሕፍት አዘጋጅተው አስተማሩበት። ተከታዮቻቸው ፊደሉ ጥንት በ13ኛው መቶ ዓመት ዴዎዋን ቱሪ በሚባል ሰው የተገለጠ፣ በቦድራ ዳግም የተገኘ ነው ይላሉ። ፊደሉ ከሕንድ ፊደላት ጋር አይመሳሰልም፤ እንደ ላቲን ትልቅና ትንሽ አለው፣ 32 ትላልቅና 32 ትናንሽ። የቅዱስ ዕቃ ያህል የሚያከብሩት አሉ።

ዋራንግ ቺቲ ወደ ዩኒኮድ፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር ወደሚጻፉበት የጋራ ሥርዓት፣ የገባው በ2014 ነው። የእኛ ፊደል በ1999 ስለገባ፣ 15 ዓመት ቀድመን ነው በኮምፒውተር መጻፍ የተፈቀደልን ማለት ነው። ዛሬ በስልካችን አማርኛ ስንጽፍ ያን ልዩነት አናስበውም።

ችግሩ ሆ ዛሬ በብዙ ፊደል መጻፉ ነው። በጃርካንድ አብዛኛው መጽሐፍ በዴቫናጋሪ ይታተማል፣ በኦዲሻ የኦዲያ ፊደል አለ፣ የሚስዮናውያን ሥራ በላቲን ነው፣ የቦድራ ተቋም በዋራንግ ቺቲ ይጽፋል። የማዩርባንጁ ሆና የቻይባሳው ሆ ሲነጋገሩ ይግባባሉ፤ ደብዳቤ ሲጻጻፉ ላይነበብ ይችላል። ጎረቤታቸው ሳንታሊ በ1925 ራጉናት ሙርሙ የፈጠሩለት ኦል ቺኪ የሚባል ፊደል አለው፤ ብዙ ሰው ዙሪያውን ስለተሰበሰበበት ጠቅሞታል። ሆዎች እዚያ አልደረሱም።

እንደ ውጭ ሰው የትኛውን ፊደል ምረጡ ማለት አይገባኝም። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እላለሁ። ፊደሉ እስኪወሰን ዘፈኑን ሳይሰበስቡ መጠበቅ ስሕተት ይሆን ነበር። አዛውንቶቹ አይጠብቁም። በዴቫናጋሪ የተጻፈ ዘፈን ነገ ወደ ዋራንግ ቺቲ ሊገለበጥ ይችላል፤ ከአንዲት አሮጊት ጋር የተቀበረ ዘፈን ግን በየትኛውም ፊደል አይጻፍም። በሌላ በኩል ፊደሉን «የስሜት ጉዳይ» ብለው የሚያጣጥሉትም ተሳስተዋል። የቦድራ ፊደል ብዙ ሰው የእኔ ነው ብሎ እንዲማር አድርጓል፣ ይህን የትኛውም ሥርዓተ ትምህርት ብቻውን አያደርገውም።

ሽልማቱና ከዚያ በኋላ

ጥር 25 ቀን 2023 የሕንድ መንግሥት ለዜጎች ከሚሰጣቸው ከፍተኛ ክብሮች መካከል የሆነውን የፓድማ ሽልማት የዓመቱን ስም ዝርዝር አወጣ። ከ106 ተሸላሚዎች 91ዱ ፓድማ ሽሪ ያገኙ ነበሩ፤ የ72 ዓመቱ ዶክተር ሶይ በሥነ ጽሑፍና ትምህርት ዘርፍ አንዱ ሆኑ። ከጥቂት ቀን በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ናሬንድራ ሞዲ በወርኃዊ የሬዲዮ ንግግራቸው ስማቸውን ጠሩ፤ ለቶቶ ቋንቋ ፊደል ከሠሩት ከዳኒራም ቶቶና ስለ ኩይ፣ ኩቪና ማንዳ ቋንቋዎች ከሠሩት ከቢ. ራማክሪሽና ሬዲ ጋር አንድ ላይ።

ሽልማቱን የሰጡት ፕሬዚዳንት ድሮፓዲ ሙርሙ ናቸው። ሙርሙ የማዩርባንጅ ሳንታል ናቸው፣ አፍ መፍቻቸው የሆ እኅት ቋንቋ ነው። ከ2015 እስከ 2021 የጃርካንድ ገዥ ስለነበሩ በሹመታቸው የኮልሃን ዩኒቨርሲቲ ቻንስለርም ነበሩ። በዚያ አዳራሽ የሸለሙትም የተሸለሙትም በእናት ቋንቋቸው አራት «እኛ» ያላቸው ሰዎች ነበሩ።

በአንድ ነገር ግን ይለያያሉ። የሕንድ ሕገ መንግሥት ስምንተኛ መርሐ ዝርዝር 22 ቋንቋዎችን ይዟል። እዚያ መግባት በማዕከላዊው መንግሥት ፈተናና በሥነ ጽሑፍ ተቋማት ዘንድ ትልቅ ትርጉም አለው። ሳንታሊ በ2003 ገብቷል። ሆ እስካሁን አልገባም። የጃርካንድና የኦዲሻ መንግሥታት ጠይቀዋል፣ የሆ ማኅበራትም ኒው ዴልሂ ውስጥ ሰልፈኞች እስከሚሰበሰቡበት ጃንታር ማንታር ድረስ ሄደው አቤት ብለዋል። በዝርዝሩ ውስጥ ላሉት የሚሠራው «እኛ» እስካሁን «አሌ» የሚባለው ነው።

ቻይባሳ ላይ ግን ትምህርቱ ቀጥሏል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ተማሪ ወደ መንደሩ ተመልሶ አያቱን የማጌን ዘፈን ይጠይቃል። አያትየው ወቅቱ ካልሆነ ላይዘፍኑለት ይችላሉ፤ እስከ ጥር መጠበቅ አለበት። ሲሰማም ሁለተኛውን ስንኝ፣ ያንን ጥንድ ቃል፣ ሳያመልጠው መጻፍ አለበት፤ አበባውንም ከነቁርጡ።